የኋላ ወንበሯን ተማሪ ወደ ፊት ማምጣት፦ ለክፍል ኃላፊ መምህራን የአሠራር መመሪያ

በየክፍላችን አንዲት ተማሪ አለች። ከበሩ አጠገብ፣ ከመጨረሻው ወንበር ትቀመጣለች። ስሟ ሲጠራ «አቤት» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ደወል ድረስ ድምጿ አይሰማም። አትረብሽም፣ አትጣላም። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ካርዷ ላይ «ጠባይ፦ በጣም ጥሩ» ብለን እንጽፍላታለን። እኔም ጎንደር ውስጥ ሳስተምር ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ከእነዚያ ዝምተኞች የብዙዎቹ ዝምታ ጨዋነት ሳይሆን ፍርሃት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ይህን የምጽፈው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ፣ በተለይም የክፍል ኃላፊ ለሆኑ ባልደረቦቼ ነው። በሐሳቤ ያሉት ኑሮ የከበዳቸው ተማሪዎች ናቸው፦ ከወገራ፣ ከደንቢያ ወይም ከጎንደር ዙሪያ መጥተው ለሦስት ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተው የሚማሩት፣ ሰው ቤት እያገለገሉ የሚማሩት፣ እናታቸው እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምታስተምራቸው፣ በጸጥታ ችግር ትምህርታቸው ተቋርጦ አሁን ከታናሾቻቸው ጋር የተቀመጡት። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ትንሽ ደብተር፣ በሳምንት 20 ደቂቃ እና የአንድ ሴሚስተር ትዕግሥት ነው። በጀት አያስፈልግም።

ለራስ የሚሰጥ ግምት «እኔ ምን ያህል ዋጋ ያለኝ ሰው ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ በውስጣችን የምንሰጠው መልስ ነው። ጭንቀት ደግሞ ገና ያልደረሰውን ክፉ ነገር ሰውነታችን እንደ ደረሰ ቆጥሮ ሲሸበር የሚፈጠር ነው። ሁለቱ ይመጋገባሉ። ራሷን ዝቅ አድርጋ የምታይ ልጅ እጇን ለማንሣት ትፈራለች፤ እጇን ስላላነሣች ማንም አያውቃትም፤ ማንም ስላላወቃት «ድሮም ዋጋ የለኝም» የሚለው ሐሳቧ ይጸናል። ይህን ምክር አይሰብረውም፤ ሙገሳም አይሰብረውም። የሚሰብረው በሰው ፊት የተሠራና ልጅቱ ራሷ ልትክደው የማትችለው ትንሽ ሥራ ነው። ግን የሚያሸማቅቃትን ነገር ከመንገዷ ሳናነሣ ሥራውን ብናስጀምራት ሸክም እንጨምርባታለን እንጂ አንረዳትም። ቅደም ተከተሉን ያወጣሁት ለዚህ ነው።

አንደኛ፦ ሦስት ሳምንት ተመልከቱ

አትቸኩሉ፤ ማንንም ጠርታችሁ አታነጋግሩ። በደብተራችሁ የምታዩትን ብቻ ጻፉ። «ፈሪ ናት»፣ «ሰነፍ ነው» የሚል ቃል አይግባበት። «ሰኞ ሰኞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይደርሳል» ብላችሁ ጻፉ፤ ምናልባት እሑድ ስንቅ ሊያመጣ አገሩ ሄዶ በእግሩ እየተመለሰ ይሆናል። «የቡድን ሥራ ሲቀርብ ሽንት ቤት ለመሄድ ትጠይቃለች»፣ «ጥያቄው ሳያልቅ አላውቅም ይላል»፣ «ስትጽፍ ደብተሯን በክንዷ ትሸፍናለች»፣ «በፈተና ቀን ጠዋት ሆዷን ያማታል» ብላችሁ ጻፉ። ሆድ ቁርጠቱ ውሸት አይደለም። የፈራ ሰው ሆድ በእርግጥ ይታመማል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ስታነቡ ሁለት ወይም ሦስት ስሞች ደጋግመው ይመጣሉ። ከእነዚያ ጀምሩ። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማንሣት የሚነሣ መምህር ማንንም አያነሣም።

መጠይቅ ለመጠቀም የምትፈልጉ ካላችሁ፣ አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሞሪስ ሮዘንበርግ በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 10 ዓረፍተ ነገር መለኪያ በሰፊው ይሠራበታል። አምስቱ ዓረፍተ ነገሮች ራስን የሚያደንቁ፣ አምስቱ ራስን የሚነቅፉ ናቸው። በአማርኛ ስታቀርቡት ነቃፊዎቹን ቀስ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ «አልስማማም» ማለት ለራስ መልካም ግምት መስጠት የሚሆንበት ቦታ ላይ ተማሪዎች በቀላሉ ይሳሳታሉ። ስም አታስጽፉ፤ ውጤቱንም ማንንም ለመፈረጅ አትጠቀሙበት።

ሁለተኛ፦ ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚያሸማቅቅበትን አቁሙ

ከሁሉ በላይ ልትቆዩበት የሚገባው ደረጃ ይህ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንዘለውም ይህንኑ ነው።

አንድ ዓመት በጎ አድራጊዎች ለተቸገሩ ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ ሰጡን። ጠዋት በሰልፍ ሥነ ሥርዓት ላይ የ12 ተማሪዎችን ስም ከወረቀት ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩ። በጎ ሥራ እየሠራሁ መስሎኝ ነበር። አንዷ ልጅ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ መጣች፣ ደብተሮቹን ተቀበለች፣ ወደ መስመሯ ሳትመለስ ሹራቧ ውስጥ ሸሸገቻቸው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ለሦስት ቀን ትምህርት ቤት አልመጣችም። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ መነጋገር ከጀመርን ወዲህ፣ «መምህር፣ ደብተሩስ ያስፈልገኝ ነበር፤ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜ ተረጂዋ ሆነ» አለችኝ። ያን ቃል አልረሳውም። ድህነቷን ታውቀው ነበር፤ ለ1 ሺህ ሰው ያወጅኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ እርዳታ ሲመጣ በሰልፍ ላይ አትስጡ፤ ፎቶግራፍም አታስነሡ። ደብተሩን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አስቀምጡና ልጆቹ በተለያየ ቀን መጽሐፍ ሊዋሱ እንደሚሄዱ ሆነው ይውሰዱ። መዋጮ ያልከፈሉትን ስም ዝርዝር ክፍል ውስጥ አታንብቡ፤ ለብቻ ጠርታችሁ ንገሯቸው። ውጤት ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በስም ተጽፎ በር ላይ የሚለጠፍ ከሆነ፣ በክፍላችሁ እንኳ አስቀሩት፤ እያንዳንዱ የራሱን ውጤት በእጁ ይቀበል። ዩኒፎርሙ የተቀደደበትን ልጅ ከበር አትመልሱ። አንድ ብቻ ያለው ልጅ ማታ አጥቦ ጠዋት እርጥቡን ለብሶ እንደሚመጣ አስቡ፤ የጎንደር የሐምሌና የነሐሴ ብርድ ባይኖርበትም የጥቅምት ጠዋት ቀላል አይደለም።

«ወላጅህን ይዘህ ና» የሚለውም እንዲሁ ነው። ብቻውን ተከራይቶ ለሚኖር ልጅ ይህ ትእዛዝ «አትምጣ» ከማለት አይለይም። ወላጁን የምታገኙበትን መንገድ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሌላው የአፋችን ነገር ነው። «ደደብ»፣ «ከብት» የሚሉት ቃላት ከመምህር አፍ ሲወጡ ለተደላደለ ልጅ ስድብ ናቸው፤ ያልፋሉ። ቀድሞውንም ራሱን ለናቀ ልጅ ግን ማረጋገጫ ይሆናሉ። በአነጋገሩ የሚሳቅበትም ልጅ አለ። የክፍሉ ሳቅ ሲነሣ ወዲያው ትምህርቱን አቁማችሁ፣ ሳትቆጡ፣ «ሐሳቡን እንስማ» በሉና ልጁ እስኪጨርስ ቁሙለት።

ሦስተኛ፦ ጎን ለጎን እየሄዳችሁ አነጋግሩ

መምህራን ማረፊያ ክፍል አትጥሯት። እዚያ የሚጠራ ያጠፋ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይን ለዓይን መተያየትም በይሉኝታ ላደገ ልጅ ከባድ ነው። እኔ የተሻለ ያገኘሁት ከትምህርት መልስ ከበሩ እስከ ባጃጅ መያዣው፣ ሌሎች ተማሪዎች በሚያልፉበት ግልጽ መንገድ ላይ ጎን ለጎን እየሄዱ መነጋገርን ነው። ወንድ መምህር ከሴት ተማሪ ጋር ለብቻው ዝግ ክፍል ውስጥ አይነጋገር፤ ይህ ለልጅቱም ለመምህሩም ጥንቃቄ ነው።

ስለ ችግሯ አትጀምሩ። በዓይናችሁ ባያችሁት አንድ ነገር ጀምሩ።

«ትናንት ሦስተኛውን ጥያቄ ደብተርሽ ላይ ሠርተሽው አየሁ። ልክ ነበር።»

ዝም ትላለች። ቆዩ፤ ዝምታውን አትሙሉት።

«እጅሽን ልታነሺ ስታስቢ ምን ይሰማሻል?»

«ልቤ ይመታል። ድምፄ ይንቀጠቀጥና ይስቁብኛል ብዬ እፈራለሁ።»

እዚህ ላይ «አይዞሽ፣ ምንም የለም» ልትሉ ትቸኩላላችሁ። አይዞሽ ከቋንቋችን ደግ ቃላት አንዱ ነው፤ ያለጊዜው ሲባል ግን ወሬውን ይዘጋል፤ ልጅቱም «አልገባውም» ብላ ወደ ውስጧ ትመለሳለች። በምትኩ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» በሉ። ከዚያ ስሙ። ለመጀመሪያው ቀን ይህ ይበቃል። ስትለያዩም የምትፈጽሙትን ብቻ ቃል ግቡ፦ «ሐሙስ በዚህ ሰዓት እንሄዳለን።» ሐሙስም ተገኙ።

አራተኛ፦ የሰውነቷን ቋንቋ አስተምሯት

ብዙ ልጆች የልባቸውን ድው ድው ማለት የድክመታቸው ምልክት ያደርጉታል፤ «ዓይነ ጥላ አለብኝ» ብለው የሚያምኑም አሉ። ከእምነታቸው ጋር አትሟገቱ። የሚሆነውን ብቻ አስረዱ፦ አንጎል አደጋ ሲጠረጥር አድሬናሊን እንዲረጭ ያደርጋል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ትላልቆቹ ጡንቻዎች ይሮጣል፣ እጅ ያልበዋል፣ ሆድ ይታወካል። ጅብ ቢመጣ ለመሮጥ የተዘጋጀ ሰውነት ነው፤ የመጣው ግን ጅብ ሳይሆን የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ ትንፋሹን አሳዩአት። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት። አወጣጡ ከአገባቡ መርዘም አለበት፤ የልብን ምት የሚያረግበው እሱ ነው። ለሦስት ደቂቃ ያህል፣ በየቀኑ፣ ጭንቀት በሌለበት ሰዓት ይለማመዱት። ፈተና አዳራሽ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከር ትንፋሽ አይሠራም። ክፍሉን በሙሉ በአንድነት ካስጀመራችሁት ደግሞ ማንም ለብቻው አይታይም።

አምስተኛ፦ መሰላሉን ሥሩ

የሚፈሩትን ነገር በደረጃ የመቅረብ ዘዴ ደቡብ አፍሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ጆሴፍ ዎልፔ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ካስተዋወቀው ወዲህ በብዙ መልኩ ተሻሽሎ እየተሠራበት ይገኛል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚከብደው አለመቸኮል ነው። ከልጅቱ ጋር ሆናችሁ የሚያስፈራትን ሁሉ በወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 የፍርሃት ነጥብ ትስጠው፤ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩት። ለአንዲት ተማሪዬ የወጣው እንዲህ ነበር፦

1. መልሱን አጠገቧ ለተቀመጠችው ልጅ በሹክሹክታ መንገር (2)
2. በአራት ሰው ቡድን ውስጥ ከደብተሯ ማንበብ (3)
3. ወደ ወንበሯ ስመጣ ድምጿን አውጥታ መመለስ (4)
4. ጥያቄውን ከአንድ ቀን በፊት ነግሬያት፣ ከመቀመጫዋ ሆና ለክፍሉ መመለስ (6)
5. ሰሌዳ ላይ ወጥታ ሳትናገር መሥራት (7)
6. ያልተዘጋጀችበትን ጥያቄ መመለስ (8)
7. ሰሌዳው ፊት ቆማ ለሁለት ደቂቃ ማስረዳት (10)

እያንዳንዱን ደረጃ የፍርሃት ነጥቡ ወደ ግማሽ እስኪወርድ ደጋግሙት። አንዳንዱ በሁለት ቀን፣ አንዳንዱ በሦስት ሳምንት ይወርዳል። ፍርሃቱ ጫፍ በደረሰበት ቅጽበት «በቃ ተቀመጪ» አትበሏት፤ ትንሽ ትቆይ፣ ትንፋሿን ታውጣ፣ አንድ ቃል እንኳ ትናገርና ትቀመጥ። ጫፍ ላይ ሸሽታ ከተቀመጠች ሰውነቷ «ያዳነኝ መሸሼ ነው» ብሎ ይማራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ይብሳል። በዚሁ ምክንያት ለደግነት ብለን «አንቺ ማቅረብ አይጠበቅብሽም» ማለታችን ይጎዳታል። ነፃ ከማድረግ ይልቅ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉላት።

ያቺ ተማሪ አራተኛው ላይ ለአንድ ወር ቆመች። በመጨረሻ አንድ ቀን መልሱን ስትናገር የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር፤ ጣቶቿ ነጭ ሆነው ነበር። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፣ ማንም ግን አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስቱን ደረጃዎች በ12 ቀን ወጣቻቸው።

ስድስተኛ፦ እውነተኛ ሥራ ስጧቸው፣ የሠሩትንም አስመዝግቧቸው

ውኃ መቅዳትና ሰሌዳ ማጥፋት አይደለም፤ ድሃውን ልጅ ለጉልበት ሥራ መምረጥ ቁስሉን መንካት ነው። ሌላው የማያውቀውን እሱ የሚያውቅበትን ፈልጉ። የደንቢያ ገበሬ ልጅ ስለ ሽምብራና ስለ ጥቁር አፈር የሚያውቀውን ብዙ የከተማ ልጅ አያውቀውም፤ የባዮሎጂና የጂኦግራፊ ትምህርት ላይ ምስክር አድርጉት። እናቷ እንጀራ የምትሸጥ ልጅ ወጪና ትርፍ አስልታ ታድራለች፤ የኢኮኖሚክስ ምሳሌ ከእሷ ይምጣ። ግን ቀድማችሁ ፈቃዷን ጠይቁ። የቤቷን ገመና በድንገት ክፍል ውስጥ ማውጣት ማሸማቀቅን ለማቆም በ«ሁለተኛ» ሥር የሠራነውን ማፍረስ ነው።

በየሳምንቱ ዓርብ ልጅቱ በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ የሠራቻቸውን ሦስት ነገሮች ትጻፍ። «ጎበዝ ነኝ» አይባልም። «ማክሰኞ የ4ኛውን ጥያቄ ለጓደኛዬ አስረዳሁ» ይባላል። ራሷን የናቀች ልጅ ሙገሳን ትጠራጠራለች፤ ቀንና ቁጥር ያለበትን ግን መካድ ያቅታታል።

የእናንተም ምስጋና እንዲህ ይሁን። በኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች መሪነት ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ልጆች የተጋነነ ሙገሳ ሲሰጣቸው ከበድ ያለ ሥራ ከመምረጥ እንደሚያፈገፍጉ አሳይቷል። «በጣም ድንቅ!» ሲባል ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ድንቅነት መድገም እንዳለበት ያስባልና ይፈራል። «ሁለተኛውን መስመር የፈታህበት መንገድ ትክክል ነው» በሉት።

ሰባተኛ፦ ለፈተና

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ይህን ቁጥር ተማሪዎቹ ያውቁታል፤ ዝም ብንላቸው በሹክሹክታ ይፈሩታል። ግልጽ አድርጋችሁ ንገሯቸው። ከ100 ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው በማያልፍበት ፈተና ላይ መውደቅ «እኔ ደደብ ነኝ» የሚያሰኝ ማስረጃ አይደለም። የአቅም ማሻሻያ ትምህርትንና የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ መንገድ አቅርቡላቸው።

ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤታቸው ርቀው በማያውቁት መኝታ ክፍል ያድራሉ። የተመደቡት ሌላ ከተማ ቢሆን እንኳ፣ ቢቻል ቀደም ብላችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የማራኪ ወይም የቴዎድሮስ ግቢ አስጎብኟቸው፤ መኝታ ክፍል፣ መመገቢያ አዳራሽና የፍተሻ በር ምን እንደሚመስል ያዩ ልጆች ከማያውቁት ነገር የሚመጣው ፍርሃት ይቀልላቸዋል። ክፍል ውስጥም በሰዓት የተገደበ የልምምድ ፈተና ደጋግማችሁ ስጡ።

አንድ ርካሽ ዘዴ አለ። ከፈተናው በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል የሚያስጨንቃቸውን ሁሉ በወረቀት ላይ ያለ ይሉኝታ ይጻፉ፤ ወረቀቱን ማንም አያነብም፤ ይቀደዳል። ጄራርዶ ራሚሬዝ እና ሲያን ባይሎክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ፈተና የሚያስጨንቃቸው የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ከባዮሎጂ ፈተና በፊት ይህን ሲያደርጉ ውጤታቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል። በክፍሌ ሞክሬዋለሁ፤ ቢያንስ ትንፋሻቸው ይረጋጋል።

ስምንተኛ፦ ወላጅን በቅዳሜ ገበያ አግኙ

አባት ከገጠር በሥራ ቀን ትምህርት ቤት አይመጡም፤ ቅዳሜ ግን እህል ወይም በግ ይዘው ወደ ገበያ ይወጣሉ። በልጁ በኩል መልእክት ልካችሁ፣ እቃቸውን ከሸጡ በኋላ አግኟቸው። «ልጅዎ ተቸግሯል» ብላችሁ አትጀምሩ። ልጁ የሠራውን አንድ ነገር ነግራችሁ ጀምሩ፦ «አባባ፣ ልጅዎ በዚህ ሳምንት ሰሌዳ ላይ ወጥቶ አስረድቷል።» ከዚያ ለምኑ። ብዙ ወላጅ በፍቅር «በሬ ሸጬ ነው የማስተምርህ» ይላል፤ ልጁ ግን በየፈተናው ላይ የዚያን በሬ ክብደት ይሸከማል። «ብትወድቅም ልጄ ነህ» የሚለውን አንድ ጊዜ እንዲነግሩት ጠይቋቸው።

ወላጆች ጠበል ሊወስዱት ከፈለጉ አትከልክሉ፤ ሕክምናውንም አብረው እንዲያስኬዱ፣ የተጀመረ መድኃኒት ካለ እንዳያቋርጡ ለምኑ።

ዘጠነኛ፦ ከእናንተ በላይ ሲሆን

ልጁ ስለ ሞት ካወራ፣ ራሱን ከጎዳ፣ መብላትና መተኛት ካቆመ፣ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ልጅቱ ተደፍራ ወይም ያለ ፈቃዷ ልትዳር ከሆነ፣ መሰላሉን ተዉት። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ አብረውት የሚኖሩት ሰዎች መርዝና መድኃኒት ከእጁ እንዲያርቁ አድርጉ፤ በዚያው ቀን አብራችሁት ሂዱ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «ሂድ» ብሎ መላክ በቂ አይደለም፤ ካርድ ማውጫው መስኮት ላይ ብዙ ልጆች ተስፋ ቆርጠው ይመለሳሉ።

ከዚያ ያነሰ ጭንቀትን ለመመዘን ጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ጋድ-7 የሚባል ባለ 7 ጥያቄ መጠይቅ አለ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ጠቅላላው ከ0 እስከ 21 ነው፤ 10ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው በባለሙያ ሊታይ ይገባዋል። መጠይቁ በሽታን አይወስንም።

የነገሯችሁን ሚስጥር ጠብቁ፤ ግን «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ አትማሉ። «ሕይወትሽ አደጋ ላይ ካልሆነ በስተቀር ከእኔ አይወጣም» በሏት፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ንገሯት።

ሰኔ ላይ፣ ካርድ ከመስጠታችሁ በፊት፣ ያቺን የመጀመሪያዋን ትንሽ ደብተር አውጡ። ለሚቀጥለው ዓመት መምህር አታስተላልፏት፤ በየልጁ ስም የጻፋችሁትን ገጽ ቀድዳችሁ ለየባለቤቱ ስጡ። በመስከረም «ድምጿን አልሰማሁም» የሚለውን፣ በግንቦት «ሁለት ደቂቃ አስረዳች» የሚለውን ራሷ ታንብበው። ካርዷ ላይ ያለውን «ጠባይ» የሚለውን መስመር ደግሞ በዚህ ጊዜ በሌላ ቃል ሙሉት።